ያረረው ዳቦ ለደጀ ሰላም

የጌታችንና የመድኃኒታችን የኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል በደረሰ ጊዜ፥ ከባለጸጋው ግቢ ጀምሮ እስከ ባለ አንድ ክፍል የኪራይ ቤት ድረስ በከተማው የሚሰማው ወሬ ሁሉ የዳቦ ወሬ ነው። ዱቄቱ በወንፊት ይነፋል፤ እርሾው ተበጥብጦ ይገባል፤ ጥቁር አዝሙዱ ይለቀማል፤ ኮባው ከገበያ ተገዝቶ ይታጠባል፤ ምጣዱ ይወለወላል። በዓሉ በታኅሣሥ 29 ቀን፥ በዘመነ ዮሐንስም በ28 ቀን ስለሚውል፥ ይህ ሁሉ ድካም የሚደከመው ጾመ ነቢያት ሳይፈታ ነው። ኅዳር 15 ቀን የተጀመረው ጾም ቅቤውንም ዕንቁላሉንም ወተቱንም ከልክሎ ስለቆየ፥ ጥንቁቋ ጋጋሪ የሊጡን ጨው እንኳ ለመቅመስ ሰዓቱን ትጠብቃለች። ቤቱ ሁሉ በዳቦ ሽታ ታውዶ ሳለ አንድ ፍርፋሪ ወደ አፍ የማይገባበት ሌሊት እርሱ ነው።

በማግስቱም ጎረቤት ከጎረቤት ሲገናኝ፥ ከ«እንኳን አደረሳችሁ» ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ዳቦሽ እንደ ምን ወጣልሽ?» የሚል ነው። ያማረላት ሳትጠየቅ ትናገራለች፤ ያላማረላት ወሬውን ወደ ዶሮው ወጥ ታዞራለች። በዚህ ዘመን ደግሞ ያማረው ዳቦ ገና ሳይባረክና ሳይቆረስ በእጅ ስልክ ሥዕሉ ተነሥቶ በባሕር ማዶ ላሉ ዘመዶች ይላካል። ያረረውን አንሥቶ የላከ ግን እስከ ዛሬ አልተሰማም።

የመበላሸቱ ምክንያት ብዙ ነው። በታኅሣሥ ሌሊት ብርዱ ስለሚጠና፥ እርሾም ያለ ሙቀት ሥራውን ስለማይሠራ፥ የአንዲቱ ሊጥ ሳይነሣ ያነጋል። ሌላይቱ ይህን ፈርታ ቡሃቃውን በጋቢ ጠቅልላ ከእሳት ዳር ታኖረውና ሊጡ ከልኩ አልፎ ኩፍ ይላል፤ ከምጣድ በገባም ጊዜ ሆዱ ይወድቅና እንደ ቂጣ ተኝቶ ይቀራል። በኤሌክትሪክ የምትጋግረዋም ሊጡን ካስገባች በኋላ መብራት ይጠፋባታል። ከዚህም ሁሉ በላይ የምድሩ ጠባይ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች፥ ውኃ በባሕር ጠረፍ እንደሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ገደማ ይፈላባታል፤ በሊጡ ሆድ ያለው እርጥበት ከዚያ አልፎ ስለማይሞቅ የውስጡ መብሰል ይዘገያል። ጋጋሪዋ ቸኩላ ከላይ ፍሙን ብታበዛበት ጀርባው ይከስላል፤ ልቡ ግን ጥሬ ነው። እንዲህ ያለው ዳቦ ሲቆረስ ያየ የቅኔ ተማሪ ሁሉ፥ ሰሙ አምሮ ወርቁ የጠፋበትን የጀማሪ ጉባኤ ቃና ያስታውሳል።

እንግዲህ ነገሩ የብርድና የእሳት፥ የልክና የጊዜ ነገር ሆኖ ሳለ፥ አንዳንዱ ቤት የገድ ነገር ያደርገዋል፤ ዳቦው የወደቀበት ዓመት አይቀናም ብሎ በዓሉን በትካዜ ይውላል። ሌላው ቤት ደግሞ ጥፋቱን በሠራተኛይቱ ራስ ላይ ይጭናል፤ የዱቄቱን ዋጋ ከደመወዟ የሚቆርጥም አይታጣም። ከአገሯ ወጥታ፥ ከእናቷ ርቃ፥ በሰው ቤት የምታገለግል ልጅ በልደት ማለዳ በወጥ ቤት ጥግ ስታለቅስ፥ በእልፍኙ ውስጥ የሚከበረው በዓል የማን በዓል እንደ ሆነ ባለቤቶቹ ቢጠየቁ መልስ ያጣሉ። ዳሩ ግን ዋናው ነቀፋ ሌላ ነው።

ያረረውና የወደቀው ዳቦ መጨረሻው ወዴት ነው? አስተዋይ ቤት ለበዓል ሁለት ሦስት ዳቦ ይጋግራል፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው እንዲተካው ነው። ከምጣድ ከወጡም በኋላ እመቤቲቱ እንደ ዳኛ ቆማ ትለያቸዋለች። ያማረው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ለእንግዶች ይቀመጣል። በተበላሸው ላይ የሚወድቀው ፍርድ በብዙ ቤት አንድ ነው፤ «ይህስ ለነዳያን ይሁን» ይባላል። እንዲህም ተብሎ፥ ያረረው ጀርባ ወደ ታች ተገልብጦ፥ በፌስታል ታስሮ፥ ወደ ደጀ ሰላም ይወሰዳል። ወሳጁም በዚያ ለተቀመጡት ዐይነ ስውራንና አረጋውያን ቆራርሶ ካደለ በኋላ ምጽዋት እንደ መጸወተ ሰው ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ተመልሶም ከመልካሙ ይቆርሳል።

ይህ ልማድ በምጽዋት ስም ሊጠራ አይገባውም። ቤቱ የጠላውን ነገር ከቤቱ አስወጣ፤ የሆነው ይህ ብቻ ነው። ነገሩን የሚለየው የቃሉ ሰዓት ነው። «ለነዳያን ይሁን» የሚለው ቃል ሊጡ ሲቦካ፥ የትኛው እንደሚያምር የትኛውም እንደሚያር ሳይታወቅ ቢነገር ኖሮ ስእለት በሆነ፥ ቡሃቃውንም በባረከው ነበር። እሳቱ ፍርዱን ከሰጠ በኋላ ሲነገር ግን የሚያሰማው አንድ ነገር ነው፤ ለጌታዬ የማላቀርበውን፥ ለልጄ የማላጎርሰውን፥ እኔም የማልበላውን የሚበላልኝ ሰው በደጅ አለ ማለት ነው። ድኻው በዚህ ቤት ሐሳብ ውስጥ የተቀመጠው በጥራጊ ማስቀመጫው ሥፍራ ነው።

ቤተ ልሔም ማለት በዕብራይስጥ ቋንቋ የእንጀራ ቤት ማለት መሆኑን የማያውቅ ካህን የለም። ጌታ በእንጀራ ቤት ተወለደ፤ ለእናቱ ግን በእንግዶች ማደሪያ ሥፍራ አልተገኘላትምና በበረት ተኛ። ቅድስት ቤተ ክርስቲያንም ለመሥዋዕት የሚሆነው ኅብስት የሚጋገርበትን ቤት በዚሁ ስም ቤተ ልሔም ብላ ሰየመችው። በዚያ ቤት የሚሠራው ሥራ ምን ዐይነት እንደ ሆነ ያገለገለበት ሁሉ ያውቃል። ስንዴው ይለቀማል፤ ዱቄቱ በንጽሕና ይነፋል፤ በእርሾ ይቦካል፤ መስቀል ይታተምበታል፤ ለቅዳሴው በዚያው ዕለት ይጋገራል። ያረረ እንደ ሆነ፥ የተሰነጠቀ እንደ ሆነ ወደ መቅደስ አይገባም። አንድ ዲያቆን «እግዚአብሔር ልብን እንጂ ኅብስትን አያይም» ብሎ ያረረውን በጻሕል ላይ ቢያኖር፥ ከአገልግሎቱ ለመታገድ ማግስቱን አይጠብቅም።

ታዲያ በፍርድ ቀን የራበውን ያበላ እኔን አበላ የሚል ጌታ፥ በመቅደሱ ውስጥ አንድ በቅጽሩ በር ሌላ ሆኖ የሚገኝ ነውን? ከመንበሩ እስከ ደጀ ሰላሙ ያለው መንገድ በብዙ አጥቢያ መቶ ርምጃ አይሞላም። በመንበሩ ላይ ነውር የሆነው በመቶ ርምጃ ርቀት ጽድቅ የሚሆንበት ምክንያት በየትኛውም የትርጓሜ ወንበር አይገኝም።

ለዚህ ነገር መልስ አለን የሚሉ አልጠፉም። የመጀመሪያዎቹ፥ «የራበው ሰው አይመርጥም፤ ከሚጣል ቢበላው ምን ክፋት አለው?» ይላሉ። የራበው አለመምረጡ እውነት ነው። ነገር ግን እንዳይመርጥ ያደረገው ራቡ ነው፤ ሰጪው በዚህ ራብ ተጠቅሞ የማይረባውን ሲያራግፍበት ከገበያ ሚዛን አጥባቂ በምን ይሻላል? ነቢዩ ሚልክያስ ዕውሩንና አንካሳውን ለመሥዋዕት የተቀበሉትን ካህናት በገሠጸ ጊዜ የጠየቃቸው ጥያቄ፥ ይህንኑ ለገዢያቸው ቢያቀርቡ ደስ ይለው እንደ ሆነ ነበር። የከተማው ሰውም ያረረውን ዳቦ በፌስታል አስሮ ለመሥሪያ ቤቱ አለቃ ለበዓል ይላክለትና ይሞክረው።

ሁለተኛዎቹ ከመጽሐፍ ጥቂት ያነበቡ ናቸው። «ጌታ የመበለቲቱን ሁለት ሳንቲም አመሰገነ፤ ትንሽ ነገር አይናቅም» ብለው ይከራከራሉ። መበለቲቱ የጣለችው ገንዘብ ጥቂት ነበረ እንጂ የተሰበረ አልነበረም፤ ያም ያላት ሁሉ ነበር። እመቤቲቱ ግን መልካሙን በነጭ ጨርቅ ሸፍና ነው የመጣችው። ስለ መበለት ከተነሣ ደግሞ የሰራፕታዋን ማስታወስ ይሻላል፤ የእርስዋ ነገር የዳቦ ነገር ነውና። በራብ ዘመን በማድጋዋ የቀረው አንድ እፍኝ ዱቄት፥ በማሰሮዋም ጥቂት ዘይት ነበረ። እርሱን ጋግራ ከልጅዋ ጋር በልታ ለመሞት እንጨት ስትለቅም፥ ኤልያስ ከዚያው አስቀድማ ለእርሱ ትንሽ እንጎቻ እንድትጋግርለት ጠየቃት። ነገሩ ያለው በ«አስቀድማ» ላይ ነው። ለእንግዳው የሆነው ከልጅዋ በፊት ተጋገረ፤ ዱቄቱም ከማድጋው ያላለቀው ከዚያ በኋላ ነው። አብርሃምም በመምሬ ሦስቱን እንግዶች በተቀበለ ጊዜ፥ ሣራ ሦስት መስፈሪያ የላመ ዱቄት ፈጥና እንድትለውስ አዘዛት፤ ማን እንደ ሆኑ ገና በደንብ ሳይታወቅ ዱቄቱ የላመው ሆነ። ትላንት የጋገረችው የደረቀ ካለ ፈልጊ አላላትም።

ሦስተኛዎቹ ዐዋቂዎች ነን ባዮች ናቸው። «ነዳያኑ በበዓል ቀን የተሰበሰበላቸውን ቁራሽ አድርቀው ይሸጡታል፤ መልካሙን ብንሰጥ ለነጋዴ ነው» ይላሉ። የሚሸጥ መኖሩ አይካድም። ነገር ግን ከሃያ ቤት ሃያ ያረረ ቁራሽ የመጣለት ሰው ጥርስ በሌለው ድዱ ምን ያድርገው? ትኩስና ሙሉ ዳቦ በእጁ የገባለት ሽማግሌ እርሱን ትቶ ገበያ ሲወጣ የታየ እንደ ሆነ ያን ጊዜ ክርክሩ ይሰማል።

ይህ ሁሉ ወቀሳ በጋጋሪዎቹ ላይ ብቻ የሚወድቅ አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ እሳት ስትቆሰቁስ ያደረችው ሴት ናት፤ ዳቦው ካላማረ በእንግዶች ፊት የሚያፍረውና የሚያኮርፈው ግን ባልየው ነው። ያማረው ለእንግዳ እንዲቀመጥ የሚያደርገው ያ የባል ኩርፊያ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። በይበልጥ የሚጠየቁት ግን ካህናቱ ናቸው። በበዓሉ ቀን ዳቦውን ባርኮ የሚቆርሰው የንስሐ አባት ነው። ከቅዳሴ ወጥቶ ሲመጣ በደጀ ሰላም ያለፈው በነዳያኑ መካከል ነው፤ በእጃቸው የያዙትንም በዐይኑ አይቷል። ከዚያ በመንፈሳዊ ልጁ ቤት ገብቶ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነው ሲገለጥለት፥ የዚህ ወንድም የት እንዳለ መጠየቅ ይችል ነበር። አይጠይቅም፤ ባርኮ ይቆርሳል። ሚልክያስም የገሠጸው ያመጡትን ብቻ ሳይሆን ዝም ብለው የተቀበሉትን ነው።

ዛሬ ጥምጥም ጠምጥመው ካባ ደርበው በማዕድ ራስ ከሚቀመጡት ሊቃውንት ብዙዎቹ፥ በተማሪነታቸው ደበሎ ለብሰው፥ አኩፋዳ አንግተው፥ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ከደጅ ወደ ደጅ ዞረዋል። ውሻ የነከሰው አለ፤ በዝናብ ቆሞ «ዛሬ አልተጋገረም» የተባለ አለ። አኩፋዳው ሲከፈት የሻገተውም ያረረውም የደረቀውም በአንድነት ይወጣ ነበርና፥ ከየትኛው ቤት ምን እንደ መጣ ተማሪው እጁን ሳይሰድ በሽታው ይለይ ነበር። ለልጅዋ ከምትቆርሰው ትኩስ ዳቦ ላይ ቆርሳ የሰጠችው ሴት ግን፥ እርስዋ ካረፈች በኋላ እንኳ ስሟ በዚያ ተማሪ ጸሎት ውስጥ ሲጠራ ይኖራል። ያን ያረረ ቁራሽ የቀመሰ አፍ ዛሬ በማዕዱ ራስ ተቀምጦ ዝም ማለቱ የሚያስገርም ነው። ምናልባት ጥጋብ ምላስን ሳይሆን ትዝታን ያደነዝዝ ይሆናል።

ከክርክሩ ለመሸሽ፥ «እንግዲያው ከዳቦ ቤት ተገዝቶ ይሰጥ» የሚሉም አሉ። ከዳቦ ቤት የተገዛ ሙሉ ዳቦ በቤት ከተጋገረ ያረረ ዳቦ ለድኻ እንደሚሻል መካድ አይገባም፤ ጊዜ የሌላት ሴት፥ ምጣድ የሌለው ወንደ ላጤ እንዲህ ቢያደርግ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ጋግሮ የሚያድር ቤት በኮባ የተጋገረውን ለእንግዳ አስቀምጦ፥ ለነዳያን ከፉርኖ ቤት በርካሽ የሚገኘውን ሲገዛ፥ አሮጌውን ልዩነት በዐዲስ ጨርቅ ሸፈነው እንጂ አላጠፋውም። ባለ ክሬሙን ኬክ በልደት ዋዜማ ገዝተው ጾሙ ሳይፈታ የሚቀምሱትስ ለሌላ ቀን ይቆዩ።

ማድረግ የሚገባው ከባድ ነገር አይደለም። በዋዜማው ሊጡ ሲከፋፈል፥ ምጣዱ ገና ቀዝቃዛ ሳለ፥ አንደኛው ድርሻ በስም ይለይ፤ «ይህ የደጀ ሰላም ነው» ይባል። ልጆችም ይስሙ። እሳቱ የሚመረቀውን ይመርቃል፥ የሚያበላሸውን ያበላሻል። ለደጀ ሰላም የተባለው አምሮ ከወጣ ማንም ዐይኑን አያንሣበት። ያረረው እርሱ ከሆነ ደግሞ በነጭ ጨርቅ ከተሸፈነው ይለወጥ፤ ስእለት የሚከፈለው በመልካሙ ነውና። እንግዳ ያለ ዳቦ ይቀራል ተብሎ መፍራት አይገባም፤ የኢትዮጵያ እንግዳ ጨዋ ነው፥ የተጠበሰበትን ያህል በልቶ አመስግኖ ይሄዳል። የሚቆጣ እንግዳ ቢገኝ ደግሞ በሚመጣው ዓመት ወንበር ይተርፋል።

ከልደት በኋላ በ12 ቀን ጥምቀት ነው። በጥር 10 ቀን በገሃዱ ሊጡ እንደ ገና ይቦካል፤ ያረረም እንደ ገና አይታጣም። ያን ጊዜ ጀርባው በቢላዋ ይፋቃል፤ ጥሬው ሆድ በስሱ ተቆራርጦ በምጣድ ላይ እንደ ገና ይታመሳል። ታቦት ሸኝቶ ደክሞት ለገባ ቤተሰብ በትኩስ ሻይ ቢቀርብ የሚጠላው ልጅ የለም፤ አባትየውም ሳያኮርፍ ከእነርሱ ጋር ይብላ። የተፋቀውን ጥላሸት ዶሮዎች ይጭሩታል።